ቁንጥጫው አብሮን መጣ፤ ጉያው የት ቀረ?

በምኖርበት የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሕንፃ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ላይ፣ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በየምሽቱ ቁጭ ይላል። አንገቱ ላይ በጫማ ክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አለ። ቁልፉን ከንፈሩ ላይ እያሻሸ የእናቱን ኮቴ ያዳምጣል። ቤት ገብቶ ቴሌቪዥን መክፈት ይችላል፤ ቁልፉ የተሰጠውም ለዚሁ ነው። አንድ ቀን «ለምን አትገባም?» አልኩት። «እትዬ፣ ቤቱ ዝም ይላል» አለኝ።

እናቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። የአውቶቡስ ሰልፍ ትይዛለች፤ ቦሌ አካባቢ ባለ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ሰልፍ በሌላኛው ጫፍ ትሰለፋለች። አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ላይ የምትገባው እግሯ አብጦ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የብሎኬቱ ግድግዳ አይሸሽገውም። ወተት ይደፋል፣ ወይም የቤት ሥራ ሳይሠራ ይገኛል፣ ወይም ዩኒፎርሙ ቆሽሾ ይታያል። ቁንጥጫው ይከተላል፤ አንዳንዴም ቀበቶው። ልጁ ይጮኻል፤ «ዝም በል!» ይባላል፤ ዝም ይላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የምሰማው የእናቲቱን ለቅሶ ነው። ክፉ ሴት አይደለችም። ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ስትል ምሳዋን የምትዘል ሴት ናት።

በቅርቡ ቡና ላይ ይህን ጉዳይ አነሣሁት። የማንንም ስም አልጠራሁም፤ ልጆቻችንን እንዴት እየያዝን ነው ብዬ ብቻ ጠየቅሁ። መልሱ ሳይውል ሳያድር መጣ፦ «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው፤ ታዲያ ምን ሆንን?» ሳቅ ሆነ። አንዱ በበርበሬ የታጠነበትን ቀን ተረከ፤ ሌላዋ እናቷ ከበሩ ጀርባ ስለምታቆማት አርጩሜ አወራች። በሳቁ መሀል አንድ ጎረቤቴ ስኒውን ይዞ ወለሉን ያይ ነበር።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። «ምን ሆንን?» ብለው ከልብ ለጠየቁት ሰው ትልቅ ጥያቄ ነውና።

ወለሉን ያይ የነበረው ጎረቤቴ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሾፌር ነው። ታሪኩን የምነግራችሁ ፈቅዶልኝ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ «ከተማ ገብቶ ይማር» ተብሎ ከገጠር ወደ አጎቱ ቤት መጣ። በእርግጥም ተማረ። የሚያድረው ማድ ቤት ነበር፤ ከእህሉ ጆንያ አጠገብ። ጠዋት ውኃ ቀድቶ፣ የአጎቱን ልጆች ጫማ ጠርጎ፣ ትምህርት ቤት አርፍዶ ይደርሳል፤ ስላረፈደም ይገረፋል። ቤት ሲመለስ ደግሞ ስለተገረፈ ይገረፋል። «ግርፋቱስ ያልፋል፤ ለማን ልንገር?» አለኝ። «እናቴ የሁለት ቀን መንገድ ናት። የአጎቴ ሚስት ፊት ካለቀስኩ ‹ወንድ ልጅ አያለቅስም› ትለኛለች። ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ሄጄ ጨርቅ ነክሼ አለቅስ ነበር።» ዛሬም ማዕድ ላይ ከሰው ሁሉ ቀድሞ እጁን ይሰበስባል። «ጠግቤያለሁ» ማለት በሰው ቤት ያደገ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ቃል ነው።

ባለፈው ዓመት የሚነዳው መኪና ተሸጠና ሥራ አጣ። የብዙ ሰው ችግር ነው፤ ሰው ሁለት ወር ተቸግሮ፣ ተበድሮ፣ ሌላ ይፈልጋል። እሱን ግን አልጋ ላይ ጣለው። «ድካም ድካም ይለኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል» ይላል። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ መድኃኒቱን ጨረሰ። ዳግመኛ ታይፎይድ ተባለ። ጨጓራም ተባለ። ጸበል ገባ፤ እዚያ በነበረባቸው ቀናት እንቅልፍ እንዳገኘ ይናገራል፤ ቤቱ ሲመለስ ግን ድንጋዩ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ በአንድ ጤና ጣቢያ ያገኛት ነርስ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀችው፦ «እንዲህ ስትሆን የመጀመሪያህ ነው?» አልነበረም። በሃያ ሦስት ዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ትዳሩ ሲፈርስ አንድ ጊዜ፣ ይኼኛው ሦስተኛው ነው። ድባቴ ነው፣ ዲፕሬሽን የሚሉት ሕመም፣ አለችው። ስለ አስተዳደጉ ስትጠይቀው ግን «ደህና ነው ያደግሁት፤ ተምሬ ወጣሁ» ብሎ መለሰላት።

እንዲህ ያለው ሕይወት የእሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ሳን ዲዬጎ ከተማ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከ9,500 በላይ አዋቂዎች ስለ ልጅነታቸው ተጠይቀው ነበር፦ ይመቱ፣ ይሰደቡ፣ ይደፈሩ እንደነበር፤ እናታቸው ስትደበደብ አይተው እንደሆነ፤ ከሰካራም ወይም የአእምሮ ሕመም ካለበት ሰው ጋር አድገው እንደሆነ። ቪንሰንት ፌሊቲና ሮበርት አንዳ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ከእነዚህ መከራዎች አራትና ከዚያ በላይ ያሳለፉ ሰዎች ምንም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለድባቴ፣ ለመጠጥና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ እንዲሁም ራስን ለማጥፋት ሙከራ የነበራቸው ተጋላጭነት ከአራት እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ ነበር። ከተጠየቁት ሰዎች አብዛኞቹ የጤና መድን ያላቸውና የተማሩ ነበሩ። ይህን የማነሣው እኛ ዘንድ ነገር ሁሉ በድህነት ስለሚመካኝ ነው። ድህነት ከባድ ነው፤ ልጅን የሚሰብረው ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ጎረቤቴን «ሦስተኛህ ነው» ያሰኘውም ነገር ተጠንቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ የለንደን ተመራማሪዎች፣ በልጅነታቸው የተበደሉ ሰዎች ድባቴ የሚመላለስባቸው ወይም አልለቅ የሚላቸው ካልተበደሉት በእጥፍ መሆኑን አሳይተዋል። መኪና መሸጡ ያቆሰለው የአርባ ዓመቱን ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ ያለውን ልጅ ጭምር ነበር።

ነገሩ እንዴት ይሆናል? ልጅ ሲደነግጥ ከኩላሊቱ በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባለውን ሆርሞን ይለቃሉ። ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህ በራሱ ጤንነት ነው፤ ከጅብ የሚያስመልጠን እሱ ነው። ጉዳዩ ድንጋጤው መቼ ይበርዳል የሚለው ላይ ነው። ትንሽ ልጅ ራሱን በራሱ ማብረድ አይችልም፤ የሚያበርደው ሰው ነው። የሚያቅፈው፣ «አይዞህ» የሚለው፣ እንባውን በነጠላ ጫፍ የሚጠርግለት ሰው። ይህ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም የልጁ አካል መደንገጥንም መብረድንም ይለምዳል። ሰው ሲጠፋ የሚለምደው መደንገጥን ብቻ ነው። አድጎ የሥራ ማጣት፣ የፍቺ ወይም የዕዳ ነገር ሲመጣበት ያ አካል በትንሹ ይነሣል፤ ከተነሣም አይወርድም።

ከኮንዶሚኒየሙ ማዶ እስካሁን ሕንፃ ያልበላው ማሳ አለ። ጠዋት ከሰገነቴ ላይ ላም ጥጃዋን ስትልስ አያለሁ። በሞንትሪያል የማጊል ዩኒቨርሲቲ ማይክል ሚኒና ባልደረቦቹ ይህንኑ ነገር በአይጦች ላይ ለዓመታት አጥንተዋል። አንዳንድ እናት አይጦች ልጆቻቸውን አብዝተው ይልሳሉ፤ አንዳንዶቹ ይነፍጋሉ። ብዙ የተላሱት ሲያድጉ ድንጋጤያቸው ቶሎ ይበርዳል። በ1999 እ.ኤ.አ. በታተመው ሥራቸው ከነፋጊ እናት የተወለዱትን ወስደው ለላሽ እናት ሰጡ፤ ልጆቹ አድገው በጠባያቸው የወለደቻቸውን ትተው ያሳደገቻቸውን መሰሉ። አይጥና ሰው አንድ አይደሉም፤ ሆኖም እኛስ ከጥንት «ልጅ ያሳደገውን ይመስላል» ስንል አልኖርንም?

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ያደግሁት አራት ኪሎ ነው፤ ሰባት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ የግቢ በር በሚጋራበት የቀበሌ ቤት። እናቴ ትመታኝ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ስትነሣ እግሬ የሚሄድበትን ያውቃል፤ ከጓሮ ወደሚኖሩት እማማ ቤት። እማማ ከዱካቸው ሳይነሡ ነጠላቸውን ገልጠው ያስገቡኝና ይሸፍኑኛል። የዕጣንና የቅቤ ሽታው ይኸው ዛሬም አብሮኝ አለ። እናቴ በሩ ላይ ትደርሳለች። «ተይ እንጂ! አንቺ በእሷ ዕድሜ የሰበርሽውን ጀበና ልንገራት?» ይሏታል። እናቴ ሳትወድ ትሥቃለች፤ ቁጣዋ እዚያው ደጃፉ ላይ ይቀራል። ማታ እኔ የተኛሁ መስሏት መጥታ ፀጉሬን ትዳብሰኝ ነበር።

ያንን ግቢ ገነት ነበር ልል አይደለም። ጠብ ነበረበት፤ ሐሜት ነበረበት። በተዘጋ በር ውስጥ የሚፈጸም ግፍም ነበር፤ ሁሉም እያወቀው ዝም የተባለ ግፍ። በሰው ቤት የምታድገዋ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ የምትባለው ሕፃን፣ የእማማ ነጠላ ለእሷ ሲከፈት አላየሁም፤ ይህን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። ያም ሆኖ ከአንዱ ጉያ የተባረረ የግቢው ልጅ ሌላ ጉያ ነበረው።

ስለዚህ «ምን ሆንን?» ላሉኝ ጎረቤቶቼ የምመልሰው ይህንን ነው። ብዙዎቻችን ደህና የወጣነው ቁንጥጫው ስላነጸን አይመስለኝም። ቁንጥጫው ባቆሰለን ቁጥር የሚያክመን ሰው አሥር እርምጃ ላይ ስለነበረ ነው። ወደ ከተማው ዳር ስንመጣ አልጋውን ፈታን፣ ቁም ሣጥኑን ጫንን፣ የከሰል ምድጃውን ሳይቀር ይዘን መጣን። ቁንጥጫውም አብሮን መጣ። ጉያው ግን ከፈረሰው ግቢ ጋር ቀረ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ጎረቤትን አይቶ አይወጣም፤ አንዱን ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱን ኮዬ ፈጬ፣ አንዱን የካ አባዶ ጣለው። ተከራዩ ደግሞ ኪራይ በጨመረ ቁጥር ሕንፃ ይቀይራል። መሬታቸው ላይ ይህ ሁሉ ፎቅ የተሠራባቸው ገበሬዎችም ቢሆኑ ልጆቻቸውን ሲጠብቅ የነበረውን መንደር አጥተዋል። የዚያ የቁልፍ አንጠልጣይ ልጅ አያት ለለቅሶና ለፋሲካ ካልሆነ አይመጡም፤ ታክሲው ሦስት ቦታ ይቆራረጣል።

ጉያ ስል የእናትን ብቻ አለማለቴ ልብ ይባልልኝ። ሜሪ ኤይንስወርዝ የተባለችው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 እ.ኤ.አ. ወደ ኡጋንዳ ሄዳ በካምፓላ አካባቢ መንደሮች 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየተመላለሰች አይታለች። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስለ እናትና ልጅ ትስስር የሚነገረው ትምህርት አንድ ትልቅ ሥሩ እዚሁ ጎረቤታችን ነው። እርጋታ ያላቸው፣ ከእናታቸው ጭን ወርደው ዙሪያቸውን ለማየት የሚደፍሩት ሕፃናት እናቶቻቸው ስለ እነሱ ጥቃቅን ነገር ሲጠየቁ አውርተው የማይጠግቡት ነበሩ፦ ምን እንደሚያስቀው፣ ምን እንደሚያስፈራው፣ ለቅሶው የርሃብ ይሁን የእንቅልፍ። በሃዋይ ደሴቶች በካዋይ ደግሞ ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት ተከትለዋል። በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብ፣ በወላጅ ስካር ወይም ሕመም ውስጥ ካደጉት ልጆች መካከል አንድ ሦስተኛው ጤናማ፣ ሠርቶ አዳሪና ለሰው አሳቢ ሆነው አደጉ። በእነዚህ ልጆች ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ የታየው አንድ የማይለዋወጥ ሰው ነበር። ለአንዱ አያት፣ ለአንዱ አክስት፣ ለአንዱ ጎረቤት ወይም መምህር። የግድ ወላጅ መሆን አልነበረበትም።

እዚህ ላይ ጣቱን ወደ እናቲቱ የሚቀስር አንባቢ ካለ ይታገሠኝ። በ1978 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በደቡብ ለንደን በምትገኘው ካምበርዌል በ458 ሴቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። መከራ ሲደርስ አንዷን ሴት በድባቴ የሚጥላት፣ ሌላዋን የሚያልፋት ለምንድን ነው ብለው ነበር የተነሡት። አራት ነገሮች አገኙ፦ ከአሥራ አንድ ዓመት ዕድሜ በፊት እናትን በሞት ወይም በመለያየት ማጣት፤ ሦስትና ከዚያ በላይ ትንንሽ ልጆችን ቤት ውስጥ መያዝ፤ ከቤት ውጭ ሥራ አለመኖር፤ እንዲሁም የልብን የሚያዋዩት የቅርብ ሰው ማጣት። ይህን ሳነብ በሕንፃችን ያሉትን ሴቶች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ልጆች ይዛ ቀኑን ሙሉ በር ዘግታ የምትውለውን፣ እናቷ በልጅነቷ የሞተችባትንና በአክስቷ ቤት ያደገችውን። የደረጃውን ልጅ እናትም ጨመርኩ፤ ሥራ አላት፣ የምታዋየው ሰው ግን የላትም፤ ከማን ጋር፣ በየትኛው ሰዓት? ብራውንና ሃሪስ በኋላ ባደረጉት ሌላ ጥናት፣ እናት ከማጣቱ ይልቅ ከዚያ በኋላ ልጅቱ የገባችበት አያያዝ እንደሚወስን አሳይተዋል። ያዘነች ልጅ በደህና እጅ ከገባች ብዙ ነገሯ ይድናል።

ይህ ነገር እንደ ውርስ ከእናት ወደ ልጅ የሚሻገረውም በዚህ መንገድ ነው። ያልተደባበሰች ልጅ ታድጋለች፣ ትወልዳለች፣ ድካም ሲያሸንፋት እጇ የሚያውቀውን ያደርጋል። የልጇን ለቅሶ ስትሰማ የራሷ የድሮ ድንጋጤ አብሮ ይነሣባታል። «ዝም በል!» የምትለው ልጁን ብቻ አይደለም።

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ይባላል፤ እውነት ነው። አንድ ቤት፣ አንድ አርጩሜ፣ አንድ ምድጃ ካሳደጋቸው ወንድማማቾች አንዱ ይወድቃል፣ አንዱ ይቆማል። በ2000 እ.ኤ.አ. የመንትዮችን ጥናቶች የሰበሰቡ ተመራማሪዎች ሰዎች ለከባድ ድባቴ ባላቸው ተጋላጭነት መካከል ከሚታየው ልዩነት 37 በመቶ ያህሉን በዘር ውርስ አስልተውታል። በደስታ ያደገ ሰውም ድባቴ ይይዘዋል፤ ልጅነቱ የተበደለ ሁሉም አይታመምም። ስለዚህ የታመመ ሰው ባየን ቁጥር ወላጆቹን መክሰስ ግፍ ነው፣ ስሕተትም ነው። የእኔ አቤቱታ በእጃችን ስላለው ክፍል ነው።

ስለ ግርፋት በግልጽ ልናገር። በ2016 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን ኬይለር በድምሩ ከ160,000 በላይ ልጆች የተካተቱባቸውን ጥናቶች መርምረው መመታት ልጅን ያርማል የሚል ማስረጃ አላገኙም፤ ያገኙት ከኃይለኝነት፣ ከጭንቀትና በጉልምስና ከሚታይ የአእምሮ ችግር ጋር መያያዙን ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት እንዲጠበቁ ይደነግጋል። ቤት ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታትን ይከለክልና፣ ለማነጽ ሲባል የሚሰጥ ተመጣጣኝ ቅጣትን ከክልከላው ያወጣል። ተመጣጣኙን የሚመዝነው ማን ነው? ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስትገፋ የዋለች ሴት እጅ ነው። እኔ ይህ ቀዳዳ ይዘጋ ከሚሉት ወገን ነኝ። ቀዳዳው ሲዘጋ እናቲቱን የሚያግዝ ነገር ካልተከፈተ ግን ልጁ የሚያገኘው ለቅሶዋን ከግድግዳው ማዶ መስማትን ብቻ ነው።

ከሕግ በፊት ግን ዛሬ ማታ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። እኛ ዘንድ ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ፊት መስጠት ነው ተብሎ ይፈራል። እናቴ በሌሊት ፀጉሬን ስትዳብሰኝ ይቅርታ እየጠየቀችኝ እንደነበር የገባኝ ራሴ ስወልድ ነው። ቀን፣ ዓይኔን እያየች ብትለኝ ምን ነበረበት? «ደክሞኝ ነው የመታሁህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ወተቱን አብረን እንጠርገው» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጅ ከቁጣው ይልቅ ከቁጣው በኋላ ብቻውን መተዉን ያስታውሳል፤ ጎረቤቴን ጠይቁት። ይህንን ለአባቶችም እላለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሳይኖሩ ማታ ለቅጣት ብቻ ለሚጠሩ አባቶች በተለይ። «አባትህ ይምጣና!» የሚባልበት ቤት ልጅ የአባቱን ኮቴ በደስታ የሚሰማበት ዕድል የለውም።

የቀረው የመንግሥትና የሠፈር ሥራ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ፈቃድ ይሰጣታል። ከዚያ በኋላ የሦስት ወሩ ሕፃን ለማን ይተው? በ2010 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ (ቁጥር 1064/2010) የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ በጎ ነበር፤ የሆቴል ልብስ አጣቢዋን ግን አይመለከትም ነበር። ማቆያ የሚያስፈልገው ደግሞ እናቲቱ ከምትሠራበት ይልቅ ከምትኖርበት ቦታ ነው። ሕፃን ታቅፎ ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ አውቶቡስ መጋፋትን የሞከረ ያውቀዋል።

ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለው የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ የጀመረውን ሥራ ሳስብ ልቤ ወደ ሰገነቶቻችን ይሄዳል። በጤና ጣቢያ ግቢ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አኖረ፤ ወንበሩ ላይ የሠለጠኑ አያቶች ተቀመጡ፤ የጨነቀው ሰው ሄዶ ያዋያቸዋል። እነሱ የሚጠቀሙበት ቃል «ሐሳብ ማብዛት» የሚል ነው፤ እኛም «ሐሳብ ይዞታል» እንላለን። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የሰዎቹ የድባቴና የጭንቀት ምልክት የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ እጅግ መቀነሱን አሳየ። በእኛ ሕንፃ ብቻ ቀኑን ሙሉ ከሰገነት ላይ መንገድ የሚያዩ አምስት አያቶች አሉ። ነጠላቸው ንጹሕ ነው፤ ጉያቸው ባዶ ነው። ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ደግሞ ያ ልጅ ደረጃ ላይ ተቀምጧል።

እንደ ጎረቤቴ ያለ ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ፦ ድባቴ ይታከማል፤ የልጅነት ቁስል ያለበትም ይታከማል፤ ጊዜ ግን ሊወስድ ይችላል። አማኑኤል የእብዶች ብቻ ነው የሚለውን የድሮ ወሬ ይተዉት፤ ደግሞም መጀመሪያ እዚያ መሄድ የግድ አይደለም፤ በአጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ በጤና ጣቢያ ሥልጠናውን የወሰዱ ባለሙያዎች ይገኛሉ። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ ጎረቤቴ ዛሬ እያደረገ ያለው ያንኑ ነው። ሲሄዱም «ራሴን ያመኛል» ብለው አያቁሙ። እንቅልፍ እንደጠፋ፣ የሚወዱት ነገር እንዳስጠላዎት፣ ከዚህ በፊትም እንዲህ ሆነው እንደሆነ፣ ልጅ ሳሉ ማን ዘንድ እንዳደጉ ይንገሯቸው። ባይጠይቁም ይንገሯቸው።

በየኮንዶሚኒየሙ ለሠርግ፣ ለለቅሶና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት አለ፤ ኮሚናል የምንለው። የእኛው ለሲሚንቶ ነጋዴ ተከራይቶ መጋዘን ሆኗል። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተከፍቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ሁለት እናቶች ከኮሚቴው መዋጮ ደመወዝ እየተከፈላቸው፣ አያቶቹም ደስ ባላቸው ቀን እየወረዱ፣ ልጆቹ እዚያ ቢቆዩ ብዬ ሐሳቡን በአንድ ገጽ ጽፌ ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ሰጥቻለሁ። እስከዚያው ልጁ ከደረጃው ተነሥቶ እኔ ቤት ይጠብቃል። የመጀመሪያው ቀን ከበሩ አጠገብ ቆሞ «ጠግቤያለሁ» አለኝ፤ ሳልጠይቀው። አሁን ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። እናቱ ስትመጣ ጫማዋን ደጃፍ ላይ ታወልቅና አንዳንድ ቀን አንድ ስኒ ሻይ እስክትጠጣ ትቀመጣለች። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ የሲሚንቶ ነጋዴው ውል የሚያልቀው ሐምሌ 30 ነው።